ለሁለተኛው ፍቺ የጎደለ ፊርማ

መስከረም 12

ለዘመዴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ፈጣሪ ጤናሽንና ሥራሽን ይጠብቅልሽ። እኔ ከዓይኔ በስተቀር ደህና ነኝ፤ እሱንም ቢሆን በማጉያ መነጽር እስካነበብኩበት ድረስ አላማርረውም።

ከእናትሽ ቀብር ወዲህ ስጽፍልሽ ይህ የመጀመሪያው ነው። ስምንት ዓመት ሆነ። ናፍቀሽኝ ነው ብል አታምኚኝም፤ ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

ከማስተማር በጡረታ ከወጣሁ በኋላ የሳይንስ መዝገበ ቃላት በማዘጋጀት ላይ እንዳለሁ ሳትሰሚ አትቀሪም። የኮሚቴው ሰብሳቢ እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቶብናል። የምንሠራው በአንድ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ መብራት፣ ቃላቱን የጻፍንባቸውን ካርዶች የምናስቀምጥባቸው መቶ አርባ የጫማ ካርቶኖች አሉን። ስድስት ሆነን ጀምረን ሦስት ቀርተናል፤ ሁለቱ ሞቱ፣ አንዱ ተቀይሞኝ ሄደ። ጸሐፊያችንን ሁላችንም «ድርብ ሰረዝ» እንለዋለን፤ የጀመረውን ሳይጨርስ ወደ ሌላ ነገር ስለሚዘል።

አሁን የቀረን አንድ ካርድ ነው። ቃሉ ሰብሊሜሽን ነው። የኬሚስትሪውን ፍቺ እኔ ጽፌዋለሁ፦ «አንድ ጠጣር ነገር ሳይቀልጥ፣ ማለትም በፈሳሽነት ሳያልፍ፣ በቀጥታ ወደ ጋዝ መለወጡ»። የሥነ ልቦና ሰዎችም በዚሁ ቃል እንደሚጠቀሙ ሰምቻለሁ። በማን ፈቃድ እንደወሰዱት አላውቅም፤ ከወሰዱት ግን ሁለተኛው ፍቺ መጻፍ አለበት። የኮሚቴው ደንብ እንዲህ ይላል፦ እያንዳንዱን ፍቺ የሙያው ሰው ይጽፈዋል፣ ይፈርምበታል፤ ለእያንዳንዱም ከመጽሐፍ ያልተቀዳ፣ ከሕይወት የተወሰደ አንድ ምሳሌ ይገባለታል። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ስለሆንኩ ላፈርሰው አልችልም። እዚህ ያገኘነው የሥነ ልቦና ሰው ሁለት ጊዜ ቀጥሮን ሁለቴም ቀረ። ሙያውንም ቋንቋችንንም የሚያውቅ ሌላ ሰው የማውቀው አንቺን ብቻ ነው።

ማተሚያ ቤቱ ገጾቹን የሚረከበን መጋቢት 20 ነው። በስልክ ልታገኚኝ አትሞክሪ፤ ስልክ ፊርማ አይዝም። አጭር አድርጊው። በልጅነትሽ ነገር ታበዢ ነበር።

የእናትሽ የአጎት ልጅ

*

ጥቅምት 20

ለተከበሩ የመዝገበ ቃላት ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ጤናዎ ይጠበቅ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ስለ ዓይንዎ አዝናለሁ።

መልሱ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው ማለት እችል ነበር። እውነቱ ደብዳቤዎን አንብቤ ሦስት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበት ነው። የምሠራበት ክፍል ጠባብ ነው። ሁለት ወንበሮች አሉ፤ ሰዓቱ የተሰቀለው ከታካሚው ወንበር ጀርባ ነው፣ እኔ እንዳየው እሱ እንዳያየው። በዚያ ወንበር ላይ በቀን ስድስት ሰው ይቀመጣል። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ከሰዓቱ ይልቅ መሳቢያውን ስመለከት ነው የከረምኩት።

ፍቺው ይኸውልዎ፦ «ሰው እንደመጣለት ቢያወጣው ጉዳት ወይም ነውር የሚሆንበትን ስሜት፣ ሳያውቀው፣ ለራሱም ለሌላውም ወደሚጠቅም ሥራ መለወጡ»። «ሳያውቀው» የሚለውን እንዳያወጡብኝ። እያወቀ የሚያደርገው ሰው ሌላ ነገር ነው የሚያደርገው፤ ሌላም ቃል አለው።

በማን ፈቃድ ላሉት፣ ቃሉ ከሁለታችንም ሙያ በፊት ነበር። ሲጀመር ወደ ላይ ማንሳት ማለት ነው። የእናንተ ሰዎች ከእሳት ላይ የሚነሳውን አይተው ስም አወጡበት፤ የእኛዎቹ ደግሞ በሰው ውስጥ የሚነሳውን። እኔን የሚገርመኝ ግን መነሳቱ ሳይሆን «ሳይቀልጥ» ያሉት ነው። እኔ ዘንድ ከሚመጡት ግማሾቹ እንደዚያ ናቸው። አንዲት ሴት ልጇን ቀብራ በሳምንቱ ሥራ ገባች፤ በዓመቱ ለሕፃናት ማቆያ ከፈተች። ሁሉም ያመሰግናታል። መሃል ላይ ማልቀስ የነበረባትን አላለቀሰችም። ይህን ለምሳሌነት እንዳይወስዱት፤ የታካሚ ምስጢር ነው። ምሳሌውን ከራሴ ሕይወት አውጥቼ በሚቀጥለው እልክልዎታለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። «ለሳይንስ አትሆንም» ብለው የፈረዱባትን ልጅ በሳይንስ መዝገበ ቃላት ላይ ፈርሚ ሲሉ እጅዎ አልተያዘም? በተግባር ፈተና ስልሳ ስድስት የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። ወደ ሳይንስ ክፍል ለማለፍ ሰባ ያስፈልግ ነበር። ምናልባት ረስተውት እንደሆነ ብዬ ነው።

አክባሪዎ

*

ኅዳር 3

ለዘመዴ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ለሥራሽም በረከት።

ደብዳቤሽን መልሼ ልኬልሻለሁ። በቀይ የተሰመረባቸው አራት ቦታዎች የፊደል ስህተቶች ናቸው። አንቺን ለይቼ እንዳይመስልሽ፤ ለሁሉም አደርገዋለሁ። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ባለፈው ወር የጻፈልኝ ደብዳቤም ታርሞ ተመልሶለታል፤ አሁን የሚጽፍልኝ በአጭሩ ነው። ደግሞም «ለተከበሩ ሰብሳቢ» ብለሽ ለመሥሪያ ቤት እንደሚገባ ማመልከቻ አትጻፊልኝ። በቤት እትዬ ነበርኩ፤ አሁን ክፍል ውስጥ አይደለንም።

ፍቺውን ተቀብያለሁ። የማልቀበለው አመክንዮውን ነው። አዮዲን በእሳት ላይ ሲነሳ ሐምራዊ ጋዝ ይሆናል። በላዩ የተደፋው ብልቃጥ ቀዝቃዛ ከሆነ እታችኛው ገጹ ላይ ተመልሶ ይጠጥራል። ያው አዮዲን ነው። ጥንቃቄ ካልጎደለ ክብደቱም ያው ነው። እንግዲህ በእኛ ዘንድ የሚለወጠው መልኩ እንጂ ነገሩ አይደለም። እናንተ ግን ክፉው ስሜት ራሱ መልካም ሥራ ሆነ ትላላችሁ። ሲቀዘቅዝስ? ተመልሶ ክፉ ስሜት ይሆናል ወይስ እንደተለወጠ ይቀራል? ይህን ካልመለስሽልኝ ቃሉን ተበደራችሁ ሳይሆን ሰረቃችሁ ነው የምለው።

ስለ ስልሳ ስድስቱ፣ አልረሳሁትም። የሰጠሁትን ማርክ አልረሳም። ማርክ የሰው ፊት ታይቶ አይሰጥም፤ በሠላሳ ስድስት ዓመት ማስተማር ውስጥ፣ ከመጀመሪያው ዓመት በቀር፣ ማንም ፊት አይታ ሰጠች ብሎኝ አያውቅም። ይህን የሚያህል ዘመን ቁጥር ይዞ መዞር ለጤና ጥሩ እንዳልሆነ አንቺ ከእኔ የበለጠ ሳታውቂ አትቀሪም።

ምሳሌውን ላኪ። ከሦስት መስመር አይብለጥ።

እትዬሽ

*

ታኅሣሥ 15

ለእትዬ፣

እንዳዘዙኝ ጠራሁዎት። ሰላምዎ ይብዛ፤ ዓይንዎንም ይማርልኝ።

የመለሱልኝን ደብዳቤ አየሁት። ከአራቱ አንዱ ስህተት አልነበረም፤ ግን አልከራከርዎትም።

ስለ መቀዝቀዙ የጠየቁኝ ደህና ጥያቄ ነው። ከባልደረቦቼ ማንም እንዲህ አድርጎ ጠይቆኝ አያውቅም። መልሱ ሰው እንደ አዮዲን አንድ ዓይነት አይደለም ነው። አንዳንዱ እንደተለወጠ ይኖራል፤ ሥራው ሥራ፣ ሰውየውም ሰው ሆኖ ይቀራል። አንዳንዱ ግን እሳቱ ከሥሩ ሲነሳ፣ ማለትም ሥራውን ሲተው፣ ያ የድሮው ነገር እንደነበረ ተመልሶ ይቀመጥበታል። ክፍሌን የሚሞሉት ባለ ጡረታዎች መሆናቸውም ለዚሁ ነው። እርስዎን ማለቴ አይደለም፤ እርስዎ ጡረታ ወጣሁ ብለው ሌላ አሥራ አንድ ዓመት ሠርተዋል።

ምሳሌው ይኸውና፤ ደንብዎ እንደሚያዝዘው ከሕይወት የተወሰደ ነው፦

«አንዲት የኬሚስትሪ መምህርት በዘመዷ ልጅ ላይ ያደረባትን ጥላቻ ለትክክለኛነት ወዳላት ፍቅር ለወጠችው። በመጋቢት ወር በተሰጠው የተግባር ፈተና ልጅቷ አዮዲንን ከጨው ለይታ ስታወጣ መምህርቷ አሥር ማርክ ቀነሰችባት፤ በጥብቅነቷም ተመሰገነች።»

ሦስት መስመር ነው። እውነት ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም። ጥርጣሬ ብቻ ነው። የሚያውቀው ወረቀቴን ያረመ ሰው ነው።

ዘመድዎ

*

ታኅሣሥ 28

ለዘመዴ ልጅ፣

ፈጣሪ ልቦና ይስጥሽ። ለእኔም ትዕግሥት።

ምሳሌሽን ድርብ ሰረዝ ካርዱ ላይ ሲለጥፍ ቀድሞኝ አነበበው። «ይህቺን መምህርት የማውቃት ይመስለኛል፤» አለና ሳይጨርስ ሻይ ሊጠጣ ወጣ። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንሠራ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ዓይኔን ሳያይ የወጣው። ይህን ማድረግሽ ነውር ነው። ነውርነቱ ይቆይና መጀመሪያ ስህተቱ ይታረም፤ ወረቀቱን በቀይ አርሜ አያይዣለሁ፤ እዚህም እደግመዋለሁ።

አንደኛ፣ ፈተናው የተሰጠው በግንቦት ነው። በመጋቢት ሚዛኑ ተሰብሮ ጥገና ላይ ስለነበር ምንም ዓይነት የተግባር ፈተና አልነበረም።

ሁለተኛ፣ አዮዲኑ የተደባለቀው ከአሸዋ ጋር ነው። ከጨው ጋር የደባለቅሁት በሚቀጥለው ዓመት ለመጡት ነው።

ሦስተኛ፣ «አሥር» የሚለውን ሰርዤ «አምስት» ብዬዋለሁ። በእኔ ክፍል ለዘመድ የሚቀነሰው አምስት ነው፣ ለሁሉም ዘመድ እኩል። አሥር ተቀንሶ አያውቅም።

አራተኛ፣ «ጥላቻ» ማስረጃ የለውም። ይውጣ።

ይህ ሁሉ ታርሞም ለሕትመት አይበቃም፤ መዝገበ ቃላት መካሰሻ አይደለም። ሌላ ምሳሌ ላኪልኝ፤ ፊርማሽንም አብረሽ። እስከ መጋቢት 20 ብዙ አልቀረም።

እትዬሽ

*

ጥር 9

ለእትዬ፣

ሰላም ይሁኑ። ይህን በፈጣን መልእክት ነው የላክሁት፤ ደብዳቤዎ ትናንት ደርሶኝ ዛሬ መጻፌ ነው።

«አምስት» ብለው በቀይ፣ በእጅ ጽሕፈትዎ። እታችኛው ጫፏ ላይ ያችን የሚያውቋትን ትንሽ ጭረት ሳይቀር። ደጋግሜ አየሁት። እትዬ፣ ይህን ነገር ሠላሳ አምስት ዓመት ጠርጥሬዋለሁ። ማንንም ጠይቄ አላገኘሁትም፤ ሮስተሩ ላይ የሚታየው የመጨረሻው ቁጥር ብቻ ነው። እርስዎ ግን ወሩንና አሸዋውን ሊያርሙ ገብተው፣ ቁጥሩ የተሳሳተ ሆኖ ሲያገኙት ማለፍ አቅቶዎት አረሙት። ሰዎች የደበቁትን እንዲነግሩኝ አንዳንዴ ሁለት ዓመት አብሬያቸው እቀመጣለሁ። እርስዎ ግን በስህተት ላይ ዓይንዎን መጨፈን ስለማይችሉ ብቻ በአንድ ደብዳቤ ሰጡኝ።

ያን ቀን ልንገርዎት። ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ነበርኩ። በወረቀቱ ላይ «በጠንካራ እሳት» ተብሎ ተጽፏል። እኔ እሳቱን ዝቅ አደረግሁት፤ ጋዙ ከብልቃጡ ጎን እያመለጠ ሲባክን አንድ ጊዜ አይቼ ስለነበር። ሐምራዊው ነገር ቀስ ብሎ ተነሳ። ሌሎቹ ጨርሰው ሲወጡ እኔ ገና ግማሽ ላይ ነበርኩ። እርስዎ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። ጫማዎን አውቀው ነበር። ዞር ብዬ «እትዬ፣ አየሽው?» አልኩ። ክፍል ውስጥ እትዬ ማለት ክልክል እንደነበር በዚያች ደቂቃ ረሳሁት፤ አንቺ ማለቴንም ጭምር። እርስዎ ዞረው ሄዱ።

ውጤቱ በወጣ በሦስተኛው ቀን እናቴ የክት ልብሷን ለብሳ ቤትዎ መጣች። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። የጠየቀችዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጅቷ ከምን ጎደለች ብላ። እርስዎ «ለሳይንስ አትሆንም፤ እጇ ይቸኩላል» አሏት። እኔ ከሁሉም ዘግይቼ የጨረስኩት ልጅ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ሰሃን ሳጥብ እንኳ «ቀስ በይ» ትለኝ ነበር። እስክትሞት።

ስልሳ ስድስትና አምስት ሰባ አንድ ነው። ሰባ ያስፈልግ ነበር። አሁን የምፈልገው ቀላል ነው። «ያገኘሽው ሰባ አንድ ነበር» ብለው በእጅዎ ጽፈው፣ ፈርመው ይላኩልኝ። በዚያው ቀን ሁለተኛውን ፍቺ እፈርማለሁ፤ ምሳሌውንም እለውጣለሁ። ካልጻፉ አልፈርምም። ደንቡን ያወጡት እርስዎ ነዎት።

ዘመድዎ

*

ጥር 30

ለዘመዴ ልጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ዘግይቻለሁ። መዘግየቴን አንቺ የምትተረጉሚበት መንገድ እንዳለሽ አውቃለሁ።

አምስቱን አልክድም። በእጄ ጽፌዋለሁና መካድ ሞኝነት ነው። ግን ከየት እንደመጣ ስሚ።

ማስተማር በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት የወንድሜ ልጅ ክፍሌ ገባ። ዘጠና አገኘ፤ ይገባዋል። ርዕሰ መምህሩ መምህራኑ ሁሉ በተሰበሰቡበት ሮስተሩን ከፍቶ «ይህ ዘጠና የልጁ ነው ወይስ የአክስቱ?» አለኝ። ሃያ ሦስት ሰው ነበር። ሁሉም ሳቁ። በክፍሉ ውስጥ ሴት መምህርት እኔ ብቻ ነበርኩ። ቁጭ ብዬ ሳቃቸው እስኪያልቅ ጠበቅሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዘመድ ልጅ አምስት እቀንሳለሁ። አሥራ አንድ የዘመድ ልጆች በእጄ አልፈዋል። ዳግመኛ የሳቀብኝ የለም። ይህ ክፉ ሥራ ነው ካልሽ፣ ክፉነቱን የተማርኩት ከጨዋ ሰዎች ስብሰባ ነው።

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ላንቺ የነገርኩሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም፤ ነገሩ ሥርዓት እንደነበረው እንድታውቂ ነው።

ያዘዝሽኝን ቁጥር ግን አልጽፍም። ድርብ ሰረዝ ጻፊላትና እንገላገል አለኝ። «ሁለት አኃዝ አይደለም ወይ? በቀን ሁለት መቶ ትጽፊ የለም ወይ?» አለኝ። ለአንድ ጊዜ እንኳ ዓረፍተ ነገሩን ጨረሰ። አልጻፍኩም። ለምን እንደማልጽፈው እሱም አልገባውም፤ ላንቺም አላብራራም።

የምለምንሽ ነገር አለ፤ ልመና አልለመድኩም፤ ካላማረብኝ ለዚህ ነው። ሐኪሙ ግራ ዓይንሽ አልቋል፣ ቀኙ ምናልባት ዓመት ይቆይልሽ ይሆናል ብሎኛል። ይህ መጽሐፍ ታትሞ በራሴ ዓይን ገልጬ ማንበብ እፈልጋለሁ። ሌላ ሰው እንዲያነብልኝ አልፈልግም፤ ሲያነቡ ነጥብ ይዘላሉ። ሁለተኛው ፍቺ የሌለው ካርድ ይዤ ማተሚያ ቤት ብሄድ ደግሞ ሙሉ ነው ብዬ መዋሸት ይሆንብኛል። ቁጥሩን ተይውና ፈርሚልኝ።

እትዬሽ

*

የካቲት 8

ለእትዬ፣

ሰላም ለእርስዎ።

ስለ ሳቃቸው አዝናለሁ። ያን ቀን የሳቁት ሃያ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አልነበረችም የሳቀችብዎ። ሂሳቡን ግን ከእሷ ነው የወሰዱት።

ለሠራነው ነገር የሚያምር ምክንያት ፈልጎ ማልበስ ሰብሊሜሽን አይባልም። ሌላ ቃል አለው፤ ፍቺውን ከፈለጉ ያለ ፊርማ በነፃ እጽፍልዎታለሁ።

ቁጥሩን አልጻፉም። የጻፉልኝ ሁለት ገጽ ነው፤ ሁለቱ አኃዝ ግን የለበትም። ድርብ ሰረዝ የሚሉት ሰውዬ ከእርስዎ ይሻላል።

ለዓይንዎ ማዘኔ ከልቤ ነው። ሁለቱንም መጻፍ እችላለሁ፦ አዝናለሁ፤ አልፈርምም።

ዘመድዎ

*

የካቲት 22

ሰማንያ ስምንት።

ያገኘሽው ሰማንያ ስምንት ነበር። ሰባ አንድ ብዬ ያልጻፍኩልሽ ሰባ አንድ ስላልነበረ ነው። ብጽፈው በዚያው ቀን ትፈርሚ ነበር፣ መጽሐፉም ያልቅልኝ ነበር፤ ያልሆነ ቁጥር ግን በእጄ አልጽፍም። እውነተኛውን ለመጻፍ ደግሞ ይህን ያህል ቀን ፈጀብኝ።

ለሌሎቹ አሥር ዘመዶች አምስት ነው የቀነስኩት። ካንቺ ላይ ሃያ ሁለት ቀነስኩ። አምስቱ ደንቡ ነው። አሥራ ሰባቱ ደንብ የላቸውም።

ከኋላሽ ቆሜ ያየሁትን ልንገርሽ። እኔ በጻፍኩት ትእዛዝ መሠረት የሠሩት ሁሉ ብልቃጣቸው ላይ ያገኙት ጥቁር ዱቄት ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ ያገኘሁት፣ በየዓመቱም ለክፍሉ ሠርቼ የማሳየው ያንኑ ዱቄት ነበር። ያንቺ ረጃጅም ነበር፤ ስስ ስስ ሆኖ እንደ ብረት ያበራል። ስትወጪ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ወስጄ አየሁት። እንደዚያ ያለ አውጥቼ አላውቅም። ትእዛዜ ስህተት መሆኑን ያወቅሁት በዚያች ደቂቃ ነው፤ «በጠንካራ እሳት» የሚለውን በሚቀጥለው ዓመት «በዝግታ» ብዬ ለውጬዋለሁ። ያለ አንቺ ስም።

ከዚያ ተቀምጬ ሰማንያ ስምንት ጻፍኩ። አሥራ ሁለቱን የቀነስኩት ከትእዛዝ በመውጣትሽና በመዘግየትሽ ነው፤ ያ ተገቢ ነው፤ ዛሬም እቀንሰዋለሁ። ቀጥሎ አምስቱን ቀነስኩ። ሰማንያ ሦስት ሆነ። ማለፊያ ነበር፤ እዚያ ላይ እስክሪብቶዬን ማስቀመጥ ነበረብኝ። አላስቀመጥኩም። ወረቀቱን ቀድጄ በሌላ ላይ ስልሳ ስድስት ብዬ ጻፍኩ። ለእናትሽ እጇ ይቸኩላል ያልኳት ውሸት ነው። የቸኮለው የእኔ እጅ ነበር።

ጥላቻ የሚለውን ማስረጃ የለውም ብዬ ሰርዤብሽ ነበር። ስረዛውን አንስቻለሁ። ምን እንደሚባል ግን ስሙን አላወቅሁትም፤ ከቃላት ጋር ይህን ያህል ዓመት ኖሬ።

ዛሬ ጠዋት ማተሚያ ቤት ሄጄ ካርዱ በአንድ ፍቺ ብቻ እንዲገባ ነግሬያቸዋለሁ። ከሥሩ «ሁለተኛው ፍቺ በሰብሳቢዋ ጥፋት ጎድሏል» የሚል መስመር ይታተማል። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ምትክ ካንቺ የምፈልገው ነገር የለም። ፈርሜበታለሁ።

መምህርትሽ የነበርኩ

*

መጋቢት 9

እትዬ፣

ደብዳቤዎ የደረሰኝ በሁለት ታካሚዎች መሃል ነው። የመጀመሪያዋን ቃል አንብቤ አጠፍኩት። ቀጥሎ የገባው ሰውዬ አርባ ደቂቃ አወራ፤ ምን እንዳለ አላስታውስም። በሙያዬ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ሲወጣ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ እሱ ግን ዛሬ በደንብ ነው የሰማሽኝ አለኝ።

ይቅር አላልኩዎትም። እንዲህ ባለ ነገር ላይ ቶሎ ይቅር የሚሉ ሰዎችን አውቃቸዋለሁ፤ በየሳምንቱ እየከፈሉ ይመጣሉ።

ሰማንያ ስምንቱ ተገቢ ነው። ከትእዛዝ መውጣትና መዘግየት አሥራ ሁለት ያስቀንሳል። ያቺን ልጅ ሆኜ ስመዝነው ክርክር የለኝም።

ፊርማዬ በፖስታው ውስጥ አለ። ካርዱ በሁለት ፍቺ ይግባ፤ ስለ ጥፋትዎ የሚለውን መስመር ያስወጡት። መዝገበ ቃላት መካሰሻ አይደለም ያሉት ልክ ነው፤ መናዘዣም አይደለም። ማተሚያ ቤቱ እስከ ሃያ አለ፤ ይህን በፈጣን መልእክት ልኬዋለሁ፤ በደረሰዎ ማግስት በጠዋት ይሂዱ፤ ድርብ ሰረዝን እንዳይልኩ፣ መንገድ ላይ ይቀራል።

ምሳሌውን ለውጬዋለሁ። እርስዎን አስወጥቼዎታለሁ፤ ለዚህ ቃል ምሳሌ አይሆኑም። የእርስዎ ነገር ወደ ምንም አልተለወጠም ነበር፤ እስከ የካቲት 22 ድረስ እንደ ነበረ ነው የተቀመጠው። የሚታተመው ይህ ነው፦

«አንዲት ልጅ በማርክ ላይ በደረሰባት በደል ያደረባትን ቁጣ፣ ሳታውቀው፣ ሰዎችን ለማዳመጥ ሥራ አዋለችው።»

ወር የለውም፤ አሸዋም ሆነ ቁጥር የለውም። የሚታረም ነገር የለውም፤ እንዳይነኩት።

ቁጣው ሁሉ ግን አልተለወጠም። የቀረ እንዳለ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ አይቼዋለሁ። እሱን ለመዝገበ ቃላቱ አልሰጥም። ለእርስዎ ነው የጻፍኩት።

ዘመድዎ